ዋንዛህ የለም፣ ግድግዳው ግን ቆሟል

ይድረስ ለሁሴኔ፣ ለጀማል አባት፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ብዕር ካነሳሁ በኋላ እጄ ቆመ። ደብዳቤ ሲጀመር የሚባለው እሱ ነው፤ ላንተ ግን እንዴት ብዬ እለዋለሁ? ስለዚህ ተውኩት። አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህን ሰፊና ብሩህ ያድርግልህ። ከተለያየን አንድ ክረምት አልፎ ይኸው ሌላው ደመናውን በላይኛው ደጋ በኩል እየቆለለ ነው። ከሚሴ ያው እንደምታውቃት ትነዳለች፤ አስፋልቱ በቀትር አያስረግጥም።

ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ብቻችንን ስንሆን ነው አንተ የምልህ። አሁንም ብቻችንን ነን ብዬ ነው አንተ እያልኩ የምጽፍልህ። የምጽፍበት ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ደብተሬን ጉያዬ ሸጉጬ ስወጣ "በስተርጅና ጸሐፊ ልትሆኚ ነው?" እያልክ የሳቅህብኝ ያው ፊደል ነው።

ብዙ የምነግርህ አለ። አንዱን ግን ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርህና ይውጣልኝ፤ ዋንዛህ የለም። አስቆረጥኩት። ቆይ፣ አትቆጣ፤ ከመነሻው ስማኝ።

ያን ቀን አንተ እንዴት እንደምታስታውሰው አላውቅም። እኔ ሳልፈልግም እንዲህ እያልኩ አስታውሰዋለሁ። ግንቦት እያለቀ ነበር። ዋንዛው ቅጠሉንም ፍሬውንም ጣራው ላይ አራግፎ አሸንዳው እስከ አፉ ሞልቷል። አሸንዳው ከተደፈነ ውሃው ወደ በርሜሉ መውረዱን ትቶ በግድግዳው ላይ እንደሚወርድ፣ የጭቃ ቤት ደግሞ ያንን እንደማይችል ታውቃለህ። ክረምት ሳይገባ ያን መጥረግ ድሮ ያንተ ሥራ ነበር፤ ጀማል ሲጎረምስ የሱ ሆነ፤ ጀማል ለውትድርና ሲወሰድ ተመልሶ ያንተ ሆነ።

"ተወው፤ ጁምዓ ከመስጊድ ሰው ሲወጣ አንዱን እንለምናለን" አልኩህ።

"ማንን ነው የምትለምኚው? እዚህ ሰፈር ከኔ የሚያንስ ወንድ ቀርቷል?"

እውነትህን ነበር። የጎረቤታችን የሀዋ ልጆች ሰሜን ጦር ሜዳ ናቸው፤ የኛም ሰሜን ነው። ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ ያለው ቤት ሁሉ ወይ ሽማግሌ ወይ ሕጻን ነው የቀረው። ቢስሚላህ ብለህ ወጣህ፤ እኔ መሰላሉን ከሥር ያዝኩ። ቅጠሉን በቆርቆሮ መዛቂያህ እየዛቅህ ስትወረውር ራሴ ላይ እየወደቀ አሳቀህ። መሃል ላይ ስትደርስ መሰላሉን ከማዛወር ብለህ ጣራው ላይ ወጣህ። ቆርቆሮው ከእግርህ ሥር ኳ፣ ኳ ሲል ወደ ጓሮ እየራቀ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ።

ሮጬ ጓሮ ስደርስ ከወደቅህበት ተነስተህ ተቀምጠህ ልብስህን እያራገፍክ ነበር። "አልሞትኩም፤ አትጩኺ፣ ሰው ትሰበስቢያለሽ" አልከኝ። ውሃ ጠጣህ። ዙህርን ተቀምጠህ ሰገድክ። "የቀረውን ነገ እጨርሰዋለሁ" ብለህ ወደ ላይ አየህ። የአስር ሰላት ሲደርስ ራሴን አልክ። ሀዋ ወደ ደሴ የሚወስድህ መኪና ልትለምን አስፋልቱ መሃል ቆማ እጇን ስታራግብ፣ አንተ እጄ ላይ ሄድክ።

የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ሁሉን አደረገ። ጀናዛህን ያጀበው ሰው ብዛት! ሱሪ ያጠበብክለትም፣ ጀለቢያ የሰፋህለትም፣ ከባቲና ከሰንበቴ ድረስ መጥቶ ነበር። መሰላሉን አንዱ አንስቶ ከጓሮ አጋደመው። አሸንዳው ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ እንደሞላ ቀረ። አሸንዳ ማን ያስባል በዚያ ሰዓት።

ሐዘንተኛው ተበትኖ ቤቱ ዝም ካለ በኋላ ነው የጀመረው። ጠዋት አይደለም፤ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ። ጣራው ላይ ኳ፣ ኳ ይላል። ከመንገዱ ወደ ጓሮው ይሄድና ያችው ቦታ ሲደርስ ይቋረጣል። ድምፁ ሲቋረጥ ተነስቼ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። እዚያ ምንም የለም። ጉልበቴን ይዤ እመለሳለሁ። ለሀዋ ስነግራት "ዋንዛው ነው፤ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ሲነካው ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን ሁሴኔ፣ እኔ በዚያ ዋንዛ ሥር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። የቅርንጫፍን ድምፅ ከእግርህ ድምፅ የማልለይ ይመስልሃል?

ክረምቱ ገባ። ውሃው አንተ በጠረግኸው በኩል በደንብ ይወርድና ባልተጠረገው በኩል ሞልቶ ግድግዳው ላይ ይፈሳል። የመኝታችን ግድግዳ መጀመሪያ አበጠ፤ ከዚያ ምርጊቱ በቁና በቁና እየተናደ እንጨቱ እንደ ከሲታ በሬ ጎን ተቆጠረ። ከውስጥ ጆንያ ወተፍኩበት።

የውጪው ሥራ ሁሉ እኔው ላይ ወደቀ። ግቢያችን እንዲህ ሰፊ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ድሮ ፀሐይ ሳትወጣ ጠርጌ የምጨርሰውን አሁን አንዱን ጥግ ጠርጌ በርሜሉን ተደግፌ አርፋለሁ፤ ሌላውን ጥግ ጠርጌ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ጠርጌ ዞር ስል ዋንዛው እንደገና አራግፏል። አንድ ቀን የመንገዱን ቦይ ለመክፈት አጎንብሼ መነሳት አቃተኝ። ወገቤ እንደተቆለፈ ቀረ። ሰዎች ሲያልፉ አፈር ላይ የጠፋብኝን ነገር የምፈልግ መስዬ፣ እንዳጎነበስኩ "ወአለይኩም ሰላም" እያልኩ ቆየሁ። አንተ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር።

በጋው አለቀ፣ የመንግሥት በዓል ተቃረበ ተባለና የቀበሌው ልጅ መጣ። እንግዶች ወደ ደሴ ሲያልፉ ከተማው አምሮ እንዲታይ፣ አስፋልቱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ግድግዳው ተመርጎ ኖራ እንዲቀባ፣ ቦዩም እንዲጠረግ ታዟል አለ። ግድግዳችንን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"እናቴ፣ ይህን ብቻዎን አይችሉትም። ለምን የፊቱን ክፍል ለቀበሌው ሱቅ አይለቁትም? እኛው አድሰን እንይዘዋለን፤ እርስዎም ያርፋሉ።"

የፊቱ ክፍል ያንተ የስፌት ክፍል ነው። የስፌት መኪናህ ጨርቅ ለብሳ እንደተቀመጠች ናት። የመጨረሻው ደንበኛህ ያልወሰደው ጋቢ ጠርዙ እስከ ግማሽ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል።

"አልለቅም" አልኩት።

"እንግዲያው ከበዓሉ በፊት ያድሱት። እኔ የታዘዝኩትን ነው።" ክፉ ልጅ አይደለም። ሲወጣ ከመንገዱ ላይ ቅጠል አንስቶ ወደ ጥግ ጣለልኝ። ቃሉ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ። ማረፍ! አንተ ካረፍክ ወዲህ ማረፍ የሚለውን ቃል መስማት አልወድም።

ግድግዳውን ከማስመረጌ በፊት አሸንዳው መጠረግ ነበረበት፤ አለዚያ አዲሱም ምርጊት በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል። የምለምነው ወንድ አሰብኩ፤ አሰብኩ። አንተ ያልከው ያው ነው፤ የለም። በማግስቱ ረፋድ ላይ መሰላሉን ከጓሮ ጎትቼ አመጣሁ። ከተጋደመ ጀምሮ አልነካሁትም ነበር። ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ነበርና ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሣር ነጭ ሆኖ በቅሏል።

መቀነቴን ወገቤ ላይ አጥብቄ አስሬ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቀኝ። ራሴ ከጣራው ጫፍ በላይ ብቅ ሲል አሸንዳው ፊቴ ላይ ሆነ። በግራዬ አንተ የጠረግኸው፣ ብረቱ የሚታይ፤ በቀኜ ያልደረስክበት፣ ጥቁር አፈር ሆኖ የዋንዛ ችግኝ የበቀለበት። በሁለቱ መካከል መዛቂያህ። ትተሃት የወጣህባት ቦታ ላይ፣ እጀታዋ ወዳንተ በኩል እንደዞረ። የችግኙ ሥር ጠምጥሞ ይዟታል። ልጎትታት ብል አልለቀቀም።

ያን ጊዜ ጣራው ኳ አለ። ከኔ አጠገብ፣ ከክንዴ ርቀት። ደግሞ ኳ። ወደ ጓሮው በኩል ይሄድ ጀመር። ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይና ቆርቆሮ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ቅርንጫፉም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ነፋስ የሚባል አልነበረም። "ሁሴኔ፣ በዚያ በኩል አትሂድ" አልኩህ፤ ጮኼ ነው ያልኩት። ድምፁ ያችው ቦታ ሲደርስ ተቋረጠ። እኔም እግሬ ከመሰላሉ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ፤ መውረድም መውጣትም አልቻልኩም። ጣቶቼ የአሸንዳውን ጠርዝ ይዘው አልፈታም አሉ።

ጩኸቴን የሰማችው ሀዋ ናት። በአጥሩ ክፍተት ስትገባ ነጠላዋ ተሰንቅሮ ቀረ።

"ማል ጎታ ፋጡማ! አንቺ ምን ሆነሻል?"

"መውረድ አልቻልኩም።"

መሰላሉን በደረቷ ደግፋ ያዘችው። "ቡኢ፤ ሱታ፣ ሱታ ቡኢ። ቀስ ብለሽ ውረጂ። ግራ እግርሽን... እሱን አይደለም፣ ግራሽን!" ቁርጭምጭሚቴን በእጇ እየያዘች ከመርገጫ መርገጫ አወረደችኝ። መሬት ስነካ ሁለታችንም ተቀመጥን። እሷ መጀመሪያ ተሳደበች፤ ከዚያ አለቀሰች።

"ልጆቻችን መጥተው ማንን ሊያገኙ ነው?" አለችኝ። "እሱንም በዚህ ቀበርን። አንቺንም? ለቅጠል?"

"ቤቱን ሊወስዱብኝ ነው።"

"ቤቱን የሚበላው ቀበሌ አይደለም፤ ዋንዛው ነው። ቁረጪው።"

ሌላ ሰው ቢለኝ ከግቢዬ አስወጣው ነበር። ያን ዛፍ ከባቲ ገበያ ስትመለስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ እንደ ሕጻን አቅፈህ እንዳመጣኸው እኔ አይደለሁ ያየሁ? ፍየል እንዳይበላው ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ አጥር አደረግህለት። ሲያድግ መኪናህን ሥሩ አውጥተህ መስፋት ጀመርክ፤ መንገደኛው አንተን ሳይሆን ጥላውን ብሎ ይመጣና ቁልፍ አስተክሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቅርንጫፉ ጣራውን እየነካ ነው፣ ይከርከም ብልህ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍከኝ።

ቀኑን አሰብኩበት። አስርን ሰግጄ ተነሳሁና ግቢውን አየሁት። ይህን ዛፍ ካቆየሁት በየዓመቱ አንድ ሰው ጣራ ላይ መውጣት አለበት። ያ ሰው ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ማንም የለም። እኔ ካልቻልኩ ግድግዳው ይወድቃል። ግድግዳው ከወደቀ ያንተ ክፍል ይሄዳል። ያንን ያህል ነው ነገሩ፤ ሌላ መንገድ አጣሁለት።

ዛፍ ቆራጩ በሰንበቴ በኩል የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ አንድ ዓይኑ በሞራ ስለታፈነ ለውትድርና ሳይወሰድ የቀረ። መጥረቢያውን አስቀምጦ ግንዱን በመዳፉ ዳሰሰው።

"ይህን ያሳደገው ሰው ፈቅዷል?"

"ቢኖር አይፈቅድም ነበር" አልኩት። "አሁን ያለሁት እኔ ነኝ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ቅርንጫፎቹን በገመድ እያሰረ በጓሮ በኩል አወረዳቸው። ሀዋ ቤት ግቢ አለችኝ፤ አልገባሁም። ቦዩ ዳር ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁ። ግንዱ ሲወድቅ መሬቱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ብርሃን በአንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ ገባ። ደነገጥኩ። ቤታችን ራቁቱን የቀረ መሰለኝ። ዓይኔን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆየሁ። ቆራጩ ሲጨርስ አሸንዳውንም ጠርጎ፣ መዛቂያህን ከነችግኙ ነቅሎ አወረደልኝ። መኪናህ አጠገብ አስቀምጫታለሁ፤ ችግኙን ግን ጣልኩት። አልዋሽህም፤ ደግሜ ልተክለው አልቻልኩም።

የቀረውን ሴቶቹ ሠሩት። ሀዋ ለቅሬው ሴቶች ነገረችና አንድ ጠዋት ሁሉም ዶማና ባልዲ ይዘው መጡ። አሮጊቶች ነን፤ እርስ በርሳችን እየተያየን ሳቅን። ያቺ ጉልበቷን፣ ያቺ ትከሻዋን፣ ያቺ ዓይኗን ያማታል። ጭቃ መርገጥ የቻለች ረገጠች፤ መቆም ያልቻለች ተቀምጣ ጭድ አደቀቀች። የበሰበሰውን ማገር አውጥተን ከዋንዛህ ቀጥ ቀጥ ያለውን አስገባን። ከፍ ያለውን ረዣዥሞቹ፣ ዝቅ ያለውን እኔና ሀዋ መረግነው። ሲደርቅ ኖራ ቀባነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ስትዘፍን የዋለች ነበረች፤ እኔ ሐዘንተኛ ነኝና ዝም አልኩ፤ ግን በልቤ ዘፈንኩ።

በዓሉ ደረሰ። እንግዶቹ መስኮታቸውን እንደዘጉ፣ አቧራ አስነስተው፣ በሩጫ አለፉ። ቀና ብሎ ያየ ያለ አልመሰለኝም። የቀበሌው ልጅ ግን ቆሞ አየውና "በርቱ እናቴ" ብሎ ሄደ። ስለ ክፍሉ ዳግመኛ አላነሳም።

ዋንዛው ከተቆረጠ ወዲህ ጣራው ዝም አለ። ሀዋ "አላልኩሽም?" አለች። አዎ ብለሽኛል አልኳት። ለሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ። አሁን ግቢው ቅጠል ስለሌለበት በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ ቦታ እየለወጥኩ፣ ብቻዬን ጠርጌ እጨርሳለሁ። ስጠርግ ከኋላዬ ሌላ መጥረጊያ እሰማለሁ። እኔ ስቆም እሱ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል። ዞሬ አላየሁም። ዞሬ አላይም። አንተ ከሆንክ ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም፤ ካልሆንክ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን በሱ አይደለም። ሰው መጥቶ ነው።

ትናንት አውቶብሱ ለምሳ ሲቆም፣ በምርኩዝ የሚሄድ ወታደር በደጃችን አለፈ። ተመልሶ አለፈ። ኋላ ሀዋን "የልብስ ሰፊው የጋሽ ሁሴን ቤት የት ነው?" ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ወደኔ አመጣችው። "ጀማል ትልቅ ዋንዛ ያለበት ብሎኝ ነበር፤ ዋንዛ ያለበት ቤት አጣሁ" አለኝ። በርጩማዬን አቅርቤ ውሃ ሰጠሁት። ከጀማል ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነበሩ፤ እሱ ቆስሎ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነው። ጀማል ደህና ነው፣ ወፍሯል ሁሉ አለኝ። መወፈሩን አላመንኩም፤ ደህና ነው ማለቱን ግን ያዝኩ።

ጀማል ሞትህን እንዳልሰማ ታውቃለህ? የቅሬው ሽማግሎች "ጦር ሜዳ ላለ ልጅ መርዶ አይላክም፤ አገሩ ሲገባ ይረዳ" ብለው ነው።

ወታደሩ ውሃውን ጠጥቶ ዙሪያውን አየ። "አባት የሉም? አደራ ነበረብኝ። 'አባቴን ጣራ ላይ እንዳትወጣ በልልኝ፤ ስመጣ እኔ እጠርገዋለሁ' ብሎኛል። አስምሎኛል። 'እኔ ካልሄድኩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እወቀው' አለኝ።"

አውቶብሱ ጥሩንባውን ነፋ። ልጁ ምርኩዙን አንስቶ ፊት ፊቴን ያየኛል።

"ስትጽፍለት አይወጣም በለው" አልኩት። "ከእንግዲህ ጣራ ላይ አይወጣም፣ እናትህ ናት ያለችው በለው።"

ደስ ብሎት ሄደ። እኔ የዋንዛው ጉቶ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ ቆየሁ።

ይኸው ሁሴኔ፣ አደራውን አደረስኩ። ልጅህ ጣራ ላይ አትውጣ ብሎሃል።

እኔም ቃል ልስጥህ። መሰላሉን ሁለተኛ አልነካውም። በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሃለሁ። ልጃችን የመጣ ዕለት ቤቱን እንዳይስተው አስፋልቱ ዳር ወጥቼ እጠብቀዋለሁ፤ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ እጁን ይዤ ወዳንተ አመጣዋለሁ። መርዶውን የምነግረው እዚያው ቀብርህ አጠገብ ነው። እስከዚያ አንድም ቀን ሳላስብህ አልውልም፤ ያን ቀን ግን አንተም አግዘኝ። ብቻዬን አፌ አይፈታም።

ያንተው ፋጡማ